ያገለገሉ ጠርሙሶች፣ ጣሳዎችና የፕላስቲክ ዕቃዎች፦ የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይጣል?

የጓዳ ሰው (ውይይቱን የጀመረ)

ባዶ ዕቃ በየቤቱ ይጠራቀማል። የማርማላታ ጠርሙስ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የአይስክሬም ዕቃ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ሁሉም «ለአንድ ቀን ይሆናል» እየተባለ መደርደሪያ ሥር ይገባል። ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የሚያተኩረው በጌጡ ላይ ነው፤ ጠርሙሱን ቀለም ቀቡት፣ ገመድ ጠምጥሙበት፣ አበባ አድርጉበት ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጌጡ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ዕቃ መጀመሪያ ምን ይዞ እንደ ነበር፣ ከምን እንደ ተሠራና ክዳኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይጣራ እንዴት ምግብ ይደረግበታል የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት ዕቃን ማስመረጥ ያለበት መልኩ ሳይሆን የኋላ ታሪኩ ነው። ምግብ የነበረበት ዕቃ ወደ ምግብ ሊመለስ ይችላል፤ ሌላ ነገር የነበረበት ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ጓዳ መግባት የለበትም። ይህን እንደ መነሻ ወስጄ በሦስት ነገሮች ላይ የምታውቁትን እንድታካፍሉ እጠይቃለሁ። ጠርሙሱ ታጥቦ ሲጠራ ክዳኑ የቀድሞውን ሽታ ይዞ የሚቀረው ለምንድን ነው? በፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ቁጥር ዕቃው ዳግመኛ ለማገልገል ደኅና መሆኑን ይነግረናል ወይ? ከፋብሪካ የመጣ ጠርሙስ በቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ምግብ ለማሸግ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

መክደኛ

ከክዳኑ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ሲያደንቅ ክዳኑን ይረሳዋልና። ብርጭቆ ሽታ አይዝም፣ ቀለም አይመጥም፣ ዘይትም ሆነ ኮምጣጤ አይጎዳውም፤ ስለዚህ ካልተሰነጠቀና ከንፈሩ ካልተሸረፈ በስተቀር ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚያረጀው ክዳኑ ነው። የማርማላታና የቲማቲም ስጎ ጠርሙሶች ላይ የምናየው፣ በሩብ ዙር የሚከፈተው የቆርቆሮ ክዳን በውስጡ ዙሪያውን ጎማ የሚመስል ቀለበት አለው። ይህ ቀለበት በአብዛኛው የሚሠራው ፒቪሲ ከተባለ የለሰለሰ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በፋብሪካው ሙቀት ለስልሶ የዚያን የአንዱን ጠርሙስ ከንፈር ቅርጽ ይዞ እንዲቀር የታሰበ ነው። የነጭ ሽንኩርትና የኮምጣጤ ሽታ የሚደበቀውም እዚያው ቀለበት ውስጥ ነው።

ክዳኑን ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የጠርሙሱ ከንፈር ያረፈበት ቦታ ላይ ክብ ስርጉድ መስመር ይታያል። መስመሩ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ክዳኑ ገና ይገጥማል፤ በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ወገን ከደበዘዘ ግን ክዳኑ ተጣሟል ማለት ነው፣ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚሆነው አልከፈት ሲል በቢላዋ ወይም በማንኪያ እጀታ በተፈለቀቀበት በኩል ነው። ቀለበቱን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ተመልሶ ካልተነሣ ወይም እጅ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ዘይት መጥጦ ተበላሽቷል። የውስጡ ነጭ ወይም ወርቃማ ቅብ ተፍቆ ከሥሩ ቡናማ ነጥብ ከታየ ደግሞ ዝገት ጀምሯል፤ እንዲህ ያለውን ክዳን ጨውና ኮምጣጤ ባለበት ነገር ላይ መግጠም ዝገቱን ማፋጠን ነው።

ሽታውን ለመቀነስ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሶ ቀለበቱን መቀባትና ማሳደር፣ ከዚያም አለቅልቆ በፀሐይ ማድረቅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ከዚያም በኋላ ከሸተተ ሽታው ወደ ቀለበቱ ዘልቋልና ተጨማሪ ድካም አያስፈልግም፤ ያን ክዳን ቁልፍና ምስማር ለሚቀመጥበት ጠርሙስ መስጠት ይሻላል። ስኳርን የመሰለ ሽታ ቶሎ የሚቀበል ነገር ላይ ግን ፈጽሞ አይገጠምም።

ደረቅ መደርደሪያ

መክደኛ ባሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጠርሙስ ታጥቦ ወዲያው መከደን የለበትም። ለዓይን የደረቀ የሚመስል ጠርሙስ ከሥሩ ጥግና ከክዳኑ እጥፋት ውስጥ እርጥበት ይይዛል፤ ተከድኖ ሲሰነብት የሚያፍነውን ሽታ የሚያመጣውም ይኸው ነው። እኔ ባዶ ጠርሙሶችን ያለ ክዳን አስቀምጣለሁ፤ ክዳኖቹ ደግሞ በአንድ ሣጥን ውስጥ ለብቻቸው ይሰበሰባሉ። ዱቄት ወይም ሩዝ ከመጨመሬ በፊት ጠርሙሱን ቢያንስ አንድ ሌሊት በደረቅ ጨርቅ ላይ ደፍቼ አሳድረዋለሁ።

ሰባት ቁጥር

ስለ ፕላስቲኩ ቁጥር የተነሣው ጥያቄ በብዙ ሰው ዘንድ በስሕተት ስለሚታወቅ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። ቁጥሩን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው በአሜሪካ የሚገኘው የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሲሆን፣ ዓላማው ያገለገለ ፕላስቲክ ተሰብስቦ ሲለይ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቀልጥ ለማሳወቅ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ነው፤ «ለምግብ ይሆናል» ወይም «ደጋግመው ይጠቀሙበት» የሚል መልእክት የለውም። ከተመሳሳይ 2 ቁጥር ፕላስቲክ የወተት ጠርሙስም የበረኪና ጠርሙስም ይሠራል። ለምግብ መሆኑን የሚያመለክተው በብዙ ዕቃዎች ላይ የሚታተመው የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ በሌለበት ደግሞ ዕቃው ሲገዛ በውስጡ ምን እንደ ነበረ ማወቅ ከማንኛውም ምልክት ይበልጣል።

ያም ሆኖ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ የእያንዳንዱን ጠባይ ይነግረናልና። 1 ቁጥር ፒኢቲ ነው፤ የውሃና የለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች የሚሠሩበት ሲሆን፣ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን መለስለስ ስለሚጀምር የፈላ ውሃ ሲጨመርበት ይኮማተራል። በፍል ውሃ ልናጠራው ስለማንችል አፉ ጠባብ የሆነውን ደጋግሞ ለመጠጥ መጠቀም ከባድ ነው፤ እጅም ብሩሽም አይገባበትም፣ ብሩሽ የገባበትም ይጫራል፤ ጭረቱ ደግሞ የተሕዋስያን መደበቂያ ይሆናል። 2 ቁጥር ጠንካራውና ብርሃን የማያሳልፈው ፖሊኤቲሊን፣ 4 ቁጥር ለስላሳው ፖሊኤቲሊን፣ 5 ቁጥር ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። የእርጎና የአይስክሬም ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ከ5 ቁጥር ስለሚሠሩ ለደረቅና ለቀዝቃዛ ምግብ ደግመው ለማገልገል ከሁሉም የተሻሉ ናቸው፤ ይህ ፕላስቲክ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ሙቅ ውሃ ይችላል። እንዲያም ሆኖ በግልጽ «ለማይክሮዌቭ ይሆናል» ካልተባለ በቀር የቅቤና የአይስክሬም ዕቃ ምግብ ለማሞቅ አይታሰብም፤ ዕቃው ስስ ነው፣ ቅባት ሲሞቅ ደግሞ ከውሃ እጅግ ይበልጥ ይግላል።

6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፤ ተሰባሪና ሙቀት የማይችል፣ ለአንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ እኔ ለምግብ አላስቀረውም። 3 ቁጥር ፒቪሲ ነውና በቤታችን ለምግብ ዕቃነት እምብዛም አይገኝም። 7 ቁጥር «ሌሎች» የሚባሉት የተጠቃለሉበት ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ከዚህ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ወደ መጠጥ ስለሚሸሽ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ጡጦ መሥሪያነት ከልክሎታል። በአጭሩ ፕላስቲክን የምናሰናብትበት ጊዜ ቁጥሩን አይቶ ሳይሆን ገጹን አይቶ የሚወሰን ነው፤ ከተጫረ፣ ከደበዘዘ፣ ከተጣመመ ወይም የቲማቲም ቅላት ይዞ ከቀረ የምግብ ዘመኑ አልቋል።

የጓዳ ሰው

ሰባት ቁጥር፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ቁጥሩ የጥራት ደረጃ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ብዙ ነበር። የምግብ ዘይት የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ማድረግንስ እንዴት ታየዋለህ? ምግብ ነበረበት፤ ስለዚህ እኔ ያስቀመጥሁትን መመዘኛ ያልፋል። ነገር ግን የሆነ የሚጎረብጠኝ ነገር አለ።

ሰባት ቁጥር

ይጎርብጥዎት። ከመርዝ አንጻር ችግር የለበትም፤ ከጽዳት አንጻር ግን አለበት። ጀሪካኑ የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ዘይት ይመጥጣል፤ በሳሙና ሲታጠብ የላይኛው ይወጣል እንጂ የዘለቀው አይወጣም፤ እሱም ከአየር ጋር ሲገናኝ ይቆምጣል፣ ውሃውም ያንን ጣዕም ይወስዳል። ለውሃ የሚሆነው ከመጀመሪያውም ውሃ ወይም መጠጥ የነበረበት፣ ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም፣ ቢቻል ከሥሩ ቧንቧ ያለው ወይም አፉ ጠበብ ብሎ በማንቆርቆር ብቻ የሚቀዳበት ዕቃ ነው። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ኩባያ በተነከረ ቁጥር የእጅ ቆሻሻ አብሮ ይገባል።

አጥር

ይቅርታ ይደረግልኝና ከዚህ ሁሉ በፊት መባል የነበረበት ነገር እስካሁን አልተነሣም። የውይይቱ ጀማሪ ምግብ ያልነበረበት ዕቃ ለምግብ አይሁን ብለዋል፤ እውነት ነው። የከፋው አደጋ ግን በተቃራኒው መንገድ ይመጣል። በረኪና፣ ላምባ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ጸረ ተባይ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። የመጠጥ ጠርሙስ በቅርጹ ብቻ «ጠጣኝ» ይላል፤ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ አያነብም፣ የጠማው አዋቂም በጨለማ አያነብም። ላምባ ሲዋጥ ከሆድ ይልቅ የሚፈራው ለሳንባ ነው፤ ትን ሲል ወይም ሲያስመልስ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሳንባን ያቆስላል። የዋጠውን ሰው ማስመለስ የሌለብንም ለዚህ ነው፤ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ይወሰዳል፣ ከተቻለም ዕቃው አብሮ ይወሰዳል።

ስለዚህ ሕጉ ሁለት አቅጣጫ አለው። ኬሚካል ከመጣበት ዕቃ አይወጣም፤ ኬሚካል የወጣበት ዕቃም ወደ ሌላ ሥራ አይገባም። በረኪናን በተመለከተ ሌላም ምክንያት አለ፤ ብርሃንና ሙቀት ስለሚያደክሙት በማያሳልፍ ጠርሙስ መጥቷል፣ ወደ ጠራ ጠርሙስ ሲገለበጥ ኃይሉን ያጣል። ትራፊ ባለበት ዕቃ ላይ መጨመሩ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮምጣጤ ወይም ሌላ አሲድ ካገኘ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞንያ ካገኘ ክሎራሚን ያወጣል፤ ሁለቱም በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጡ ናቸው።

ሙሉ ቀን

አጥር ያሉት ትንሽ የከበደ አይመስልዎትም? ባዶ የጸረ ተባይ ጀሪካን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ በፍል ውሃ ተለቅልቆ፣ በፀሐይ ሰንብቶ ቢያንስ ለልብስ ማጠቢያ ውሃ ለምን አይሆንም? በመለያ ወረቀቱ ላይ ራሱ «ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ» የሚል መመሪያ አለ እኮ።

አጥር

መመሪያው አለ፤ ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን መስመር አብረን እናንብብ። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ የታዘዘው ዕቃው ከመወገዱ በፊት ውስጡ የቀረው መድኃኒት እንዲቀንስና ያለቀለቀው ውሃም እዚያው ወደ መርጫው ገብቶ በሥራ ላይ እንዲውል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ይበሳል፣ የሚበሳውም ማንም ሰው መልሶ እንዳይጠቀምበት ነው። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ ስለመጠጠ እጥበት የሚደርሰው ላዩ ላይ ብቻ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውሃ እጅ ይነካል፣ ልብሱም ገላ ይነካል። ደግሞም ዛሬ ለልብስ ውሃ የተመደበ ጀሪካን ውሃ በጠፋ ዕለት የመጠጥ ውሃ አይደረግበትም ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ነው? መለያ ወረቀቱ ተላጥቶ ከወደቀ በኋላ ጀሪካኑ ከሌሎቹ ጀሪካኖች አይለይም።

ሙሉ ቀን

ወረቀቱ ከተላጠ በኋላ አይለይም ያሉት አሳምኖኛል። ይበሳል።

ቀዝቃዛ ጥግ

ወደ ብርጭቆው ልመልሳችሁ፤ አሰባበሩን በተመለከተ ማንም አልጻፈም። ብርጭቆን የሚሰብረው ሙቀት ሳይሆን የሙቀት ልዩነት ነው። ተራው የምግብ ጠርሙስ የሚሠራበት የሶዳና የኖራ ብርጭቆ፣ የምድጃና የላቦራቶሪ ዕቃ ከሚሠራበት ቦሮሲሊኬት ጋር ሲነጻጸር በሙቀት የሚለጠጥበት መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከፍሪጅ በወጣ ጠርሙስ ውስጥ የፈላ ነገር ሲጨመር የውስጡ ገጽ ወዲያው ይለጠጣል፣ የውጪው ገና እንደ ቀዘቀዘ ነው፤ በመካከል ያለው ውጥረት ቀድሞ የተጫረውን ቦታ ፈልጎ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ለወራት ሲያገለግል የኖረ ጠርሙስ ያለ ምንም ምክንያት የተሰበረ የሚመስለው። ሙቅ ነገር ለመጨመር ጠርሙሱን አስቀድሞ በሞቀ ውሃ ማለማመድና ቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

በረዶ ቤት ውስጥ የሚገባ ጠርሙስ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ውሃ ሲረጋ ይዘቱ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። ከአፉ እስከ ሥሩ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ከሆነ የረጋው ነገር ወደ ላይ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ትከሻ ያለው፣ ማለትም ወደ አፉ ሲቃረብ የሚጠብ ከሆነ ግን ወደ ላይ የሚገፋው በረዶ ትከሻውን ተደግፎ ይገነጥለዋል። ስለዚህ ትከሻ ያላቸውን ለደረቅ ነገር አቆዩ። ቀጥ ያሉትንም ቢሆን ከላይ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍት ትታችሁ፣ ምግቡ በፍሪጅ ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ሳታጠብቁ አስገቡ፤ ከረጋ በኋላ ይጠብቃል። ሲወጣም መጀመሪያ ወደ ፍሪጅ ነው እንጂ ወደ ሙቅ ውሃ አይደለም።

የእሳት ዳር

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሦስተኛ ጥያቄ እንዳይረሳ። ምግብን በብርጭቆ ማሸግ ከተጀመረ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኒኮላ አፔር የተባለው ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ አድርጎ፣ በቡሽ አትሞ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ በመቀቀል የማቆያ ዘዴውን በ1810 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸልሟል። ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ግን እርሱም አላወቀም ነበር፤ ምግብ የሚያበላሹት ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። ጆን ላንዲስ ሜሰን ደግሞ በ1858 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጥርስ ያለውንና በጠመዝማዛ ክዳን የሚዘጋውን ጠርሙስ የባለቤትነት መብት አወጣለት፤ ለቤት ውስጥ ማሸግ ተብለው እስከ ዛሬ የሚሠሩት ጠርሙሶች የእርሱ ዘሮች ናቸው።

ይህን የማነሣው ብዙ ሰው ባገለገለ የስጎ ጠርሙስ ውስጥ የፈላ ምግብ ጨምሮ፣ ከድኖ፣ ደፍቶት የክዳኑ ጉብታ «ጠቅ» ብሎ ሲሰረጉድ «ታሸገ» ስለሚል ነው። ጉብታው መሰርጎዱ የሚናገረው በውስጡ ያለው አየር መሳሳቱን ብቻ ነው፤ ምግቡ ከተሕዋስያን መጽዳቱን አይናገርም። እንዲያውም ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ የሚወደው አየር የሌለበትን ቦታ ነው። ዘሩ ወይም ስፖሩ በ100 ዲግሪ በሚፈላ ውሃ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ እርሱን ለማጥፋት 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ሙቀት ያስፈልጋል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ በጥቂቱ የሰውን ጡንቻ ሽባ የሚያደርግ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው በመቅመስ አይታወቅም።

ተሕዋሱን የሚከለክለው አሲድ ነው። የአሲድነት ልኬቱ ማለትም ፒኤች 4.6 ወይም ከዚያ በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ የፍራፍሬ ማርማላታዎችና በበቂ ኮምጣጤ የተዘፈዘፉ አትክልቶች በፈላ ውሃ ሊታሸጉ ይችላሉ። ባቄላ፣ ካሮት፣ ሥጋ፣ እንጉዳይና የእነዚህ ሾርባ ግን ከዚያ ክልል ውጭ ናቸው። በዘይት የተነከረ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ፤ ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ያገለገለ የፋብሪካ ጠርሙስ ለደረቅ ነገርና በፍሪጅ ውስጥ በጥቂት ቀን ለሚያልቅ ምግብ ግሩም ነው፤ ለወራት ለሚቀመጥ እሽግ ግን አልጠቀምበትም። የክዳኑ ቀለበት አንድ ጊዜ የሌላን ከንፈር ቅርጽ ይዟል፤ ብርጭቆውም በግፊት ድስት ውስጥ ተመላልሶ እንዲገባ ታስቦ አልተሠራም።

ደረቅ መደርደሪያ

ለዚያ ለደረቁ ነገር ላስታውስ፤ ጠርሙስ ነቀዝን ያስቀራል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የነቀዝ እንቁላል ብዙ ጊዜ ከእህሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ክዳኑ የሚጠቅመው አንዱ ጠርሙስ የነቀዘ እንደሆነ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ ጉዳዩን በጊዜ እንድናየው ያደርጋል። አዲስ የገባ ሩዝ ወይም ዱቄት ጥቂት ቀናት በረዶ ቤት ቢቆይ እንቁላሉ ይሞታል፤ ከዚያ ግን ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳይከፈት ይቆይ፣ አለዚያ ላቡ ወደ ውስጥ ይገባል።

ዘይትና ቅመም በጠራ ጠርሙስ መስኮት ዳር መደርደርም ለዓይን እንጂ ለምግቡ አይበጅም። ብርሃን ዘይቱን ያቆመጥጠዋል፣ የቅመሙን ቀለምና መዓዛ ያጠፋል። ቡናማ ጠርሙስ ካላችሁ ለዚህ አውሉት፤ ከሌላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አድርጉት።

አትክልተኛ

ከጓዳ ውጭ ያለውን እኔ ልናገር። ጣሳ ለችግኝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ በምስማር ቢበሳ ስለቱ ወደ ውጭ ይሆናልና ውሃው ሳይከማች ይወርዳል። የጣሳው አፍ ስለታም ከሆነ በመዶሻ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ መተኛት አለበት። ብረት ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚግል ሥሩን ያቃጥላል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ይምረጡለት። የጠራ ብርጭቆ ቅርንጫፍ ሥር ለማስወጣት ይመቻል፤ ለዘለቄታው ግን ብርሃኑ በውሃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ለዘር ማስቀመጫ ደግሞ ከጠርሙስ የሚበልጥ የለም፤ በደንብ የደረቀ ዘር፣ ከጫማ ሣጥን የተገኘች፣ እርጥበት የምትመጥጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት፣ አጥብቆ የሚገጥም ክዳን፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ።

ደጅ ላይ የተተዉ ባዶ ዕቃዎች ነገር ግን ቸል የሚባል አይደለም። ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ቢጫ ወባ የሚያስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ የተባለው ትንኝ የሚራባው በረግረግ ሳይሆን በቤት ዙሪያ ባሉ ጣሳዎች፣ በተቆረጡ ጠርሙሶችና በአበባ ማሰሮ ሥር ባሉ ሳህኖች ውስጥ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳው በብሩሽ መፈተግ አለበት። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት ቀን በለጥ ያለ ጊዜ ብቻ ስለሚወስድ በየሳምንቱ መፈተግ ይገባል። ሥራ የሌለው ዕቃ ይደፋ ወይም ይነሣ።

ቦታ ቆጣቢ

አትክልተኛ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለደጁ ጽፈዋታል፤ እኔ ለጓዳውም እላታለሁ። ውይይቱ እስካሁን «የቱ ዕቃ ይቀመጥ» በሚለው ላይ ነበር፤ «ስንት ይቀመጥ» የሚለው ግን አልተነካም። ጠርሙስ ማስቀረት ጠቀሜታ የሚኖረው ልንገዛው የነበረውን ዕቃ ሲያስቀርልን ነው። አለበለዚያ ቆሻሻውን ከመጣያው ወደ መደርደሪያው ማዛወር ነው። እኔ የማስቀረው አፋቸው እኩል የሆኑትን ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ክዳን ለሁሉም ስለሚገጥም አንዱ ክዳን ሲዝግ ከሌላው ይተካል፣ ሲደረደሩም ቦታ አይበሉም። የማይመሳሰለው የቱንም ያህል ቢያምር ለመልሶ ማቅለጥ ይሄዳል፤ ብርጭቆ ጥራቱን ሳያጣ ደጋግሞ የሚቀልጥ ነገር ነውና ይህ ብክነት አይደለም።

የጓዳ ሰው

በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልዩ ቅርጽ ያለው ጠርሙስ አንዳንድ ጊዜ በትክክል የሚፈለገው እርሱ ነው፤ አፈ ጠባቡ ለዘይት፣ ትንሿ ለቅመም፣ ትልቁ ለሩዝ። ነገር ግን ክዳን ለክዳን መተካካት መቻሉ ትልቅ ነገር መሆኑን አምናለሁ፤ መክደኛ እንዳሉት የሚያረጀው ክዳኑ ከሆነ፣ ክዳን የሌለው ጠርሙስ ኩባያ ሆኖ ነው የሚቀረው። ለመሆኑ ክዳኖቹ ልክ አላቸው? ሁለት ጠርሙሶች በዓይን እኩል መስለው ክዳናቸው ግን አልቀያየር ይለኛል። በዚያው የመለያ ወረቀቱን ሙጫ በምን እንደምታስለቅቁ ንገሩኝ።

መክደኛ

ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሞቀ የሳሙና ውሃ ተዘፍዝፎ ከወረቀቱ ጋር ይወርዳል። ሌላው ወረቀቱ ሲላጥ የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ይቀራል፤ በዚህ ላይ ውሃ ምንም አያደርግም፣ የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ለውሶ ቀብቶ ትንሽ ማቆየትና በጨርቅ መፈተግ ግን ያነሣዋል። በብርጭቆ ላይ አልኮልም ይሠራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በፕላስቲክ ላይ አይሞከር፤ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል።

ክዳኖቹ ልክ አላቸው። በሩብ ዙር የሚከፈቱት ክዳኖች በሚሊሜትር በሚጠጋጋ ቁጥር ይጠራሉ፤ በብዛት የሚገኙት 63፣ 66፣ 70 እና 82 ናቸው። የሚያሳስቱት 63 እና 66 ናቸው፤ ልዩነታቸው ሦስት ሚሊሜትር ስለሆነ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ትልቁ ክዳን በትንሹ አፍ ላይ ይቀመጥና የያዘ መስሎ ይሽከረከራል። የክዳኑን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማስመሪያ ለኩና በክዳኑ ጀርባ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉት። ከዚያ ጠርሙሱን በግማሽ ውሃ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ በደረቅ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ አሳድሩት። ወረቀቱ ካልራሰ ክዳኑ ለዚያ ጠርሙስ ይሆናል።

የጓዳ ሰው

ማስመሪያ ይዤ ወደ ክዳኖቹ ሣጥን ሄድኩ። 82ቱ ለትልልቆቹ የእህል ጠርሙሶች ይቀራሉ፤ ቀለበታቸው የሚያጣብቀው ክዳኖች ለምስማር፣ የዘይቱ ጀሪካን ለአትክልት ውሃ፣ የጸረ ተባዩ ደግሞ ዛሬውኑ ይበሳል።